የክረምት የእግር ጉዞ፦ ዝናቡ ሳይቀድማችሁ

ሐምሌ ሲገባ ብዙ ሰው የጉዞ ጫማውን አራግፎ አልጋ ሥር ይከታል። «መስከረም ይጥባና እንወጣለን» ይባላል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። አሁን ግን ከወሩ ሁሉ አብልጬ የምጓጓው ለሐምሌ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንጦጦ ቆማችሁ ጉሙ ከባሕር ዛፉ መሐል ቀስ ብሎ ሲነሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በመናገሻ ሱባ ጫካ የጽዱ ቅርንጫፍ እስከ ረፋድ ያንጠባጥባል። ደብረ ሊባኖስ አካባቢ በበጋ ክር የምታክለው ውሃ በክረምት ገደሉን ይዛ ስትወርድ ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል። መስከረምም የራሱ ውበት አለው፤ አደይ አበባን ማን ይጠላል? ይህኛው ግን የክረምት ብቻ ነው።

ጉዞውን የሚያበላሸው ዝናቡ ራሱ አይደለም። የዝናቡን ሰዓት አለማወቅ ነው። በደጋው አገራችን የክረምት ዝናብ ልማድ አለው። ጠዋት ፀሐይ ርጥቡን መሬት ታሞቃለች። የሞቀው አየር ርጥበቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ረፋድ ላይ ዳመናው መከመር ይጀምራል፣ ከቀትር በኋላ ይወርዳል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋትም የሚያካፋበት ቀን አለ። ብዙውን ቀን ግን ከንጋት እስከ ቀትር ያለው ጊዜ የእናንተ ነው። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ማልዶ መውጣት፣ ዶፉ ሳይመጣ መመለስ፣ ከመጣም ተዘጋጅቶ መጠበቅ።

1. ወሩንና ቦታውን ምረጡ

በአገራችን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። ሁሉም ሳምንት ግን እኩል አይከብድም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» የሚለውን አምናችሁ ከነሐሴ 13 በኋላ የዝናብ ልብሳችሁን ቤት እንዳትተዉ። ከቡሄ ወዲህ ሰማዩ ፋታ መስጠት ይጀምራል እንጂ ዝናቡ አላለቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ ሰኔ ማብቂያ ወይም ጳጉሜን አካባቢ ጀምሩ።

ለጀማሪ እንጦጦን የሚያህል የለም። ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ብርዱም ጉሙም የተራራ ነው። ግን ቢብስባችሁ ወደ ደቡብ ቁልቁል መውረድ ነው፤ ከተማ ትገባላችሁ።

ሁለተኛው መናገሻ ሱባ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጥንታዊ ጫካ ነው። የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ ይተረካል። ለክረምት የምወደው ግን በታሪኩ ብቻ አይደለም። ዛፎቹ ዝናቡን ስለሚሰብሩት ከላይ ዶፍ ሲሆን ከሥር ጠብታ ይሆናል። መሬቱም በረገፈ ቅጠል የተሸፈነ ስለሆነ ጭቃው ይቀላል። ጉሬዛዎቹም ሲዘንብ ተኮራምተው ቅርንጫፍ ላይ ስለሚቀመጡ በደንብ ታዩአቸዋላችሁ።

ወንጪ ትንሽ ልምድ ይፈልጋል። በአምቦም በወሊሶም በኩል ይገባል። ከ3,386 ሜትሩ አፋፍ ወደ ሐይቁ ስትወርዱ እንሰቱ፣ ገብሱ፣ ጭስ የሚወጣበት ጎጆ፣ ሁሉም ዓይን ይስባል። ችግሩ ቀላሉ ቁልቁለት መጀመሪያ፣ ከባዱ ዳገት መጨረሻ መሆኑ ነው። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ ስትዝናኑ ሰዓቱ ይሄድና ዳገቱን ከዝናቡ ጋር ትጋፈጡታላችሁ። ለመውረድ ከፈጀባችሁ ጊዜ ቢያንስ እጥፉን ለመውጣት ያዙ።

በክረምት የማልመክረው የመረሬ ሜዳ ነው። የበቾ ሜዳ፣ ከደብረ ዘይት ወደ ዝቋላ የሚወስደው ዝቅተኛ መሬት፣ እንዲህ ያለው ሁሉ። ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ እንደ ማስቲሽ ይጣበቃል። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው አባባል ምን ማለት እንደሆነ በእግር የሚገባው እዚያ ነው። ዝቋላን ለጥቅምት አቦ አቆዩት። ሰሜን ተራሮችንና የባሌን ሳነቴንም እንዲሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ በጉም ውስጥ ገደል አይታይም። የግድ ከሆነ አካባቢውን የሚያውቅ መሪ ሳትይዙ አትሞክሩት።

ከሁሉም በፊት ግን የአካባቢውን ፀጥታ ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ሰላም የነበረ መንገድ ዘንድሮ ላይሆን ይችላል። እዚያው የሚኖር ሰው ደውላችሁ ማነጋገር ከማንኛውም ወሬ ይሻላል። እሱ «ይቅርባችሁ» ካለ ይቅር።

2. ትንበያውን እዩ፣ ሰማዩንም አንብቡ

ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ አፕ ሐምሌን ሙሉ የዝናብ ሥዕል ያሳያችኋል። በእሱ ብትመሩ አንድም ቀን አትወጡም። የቀኑን ትታችሁ የየሰዓቱን ተመልከቱ። ዝናቡ የሚጀምረው 7 ሰዓት ላይ ነው ወይስ 3 ሰዓት ላይ? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የሳምንት ትንበያ ደግሞ አጠቃላዩን ለማወቅ ይረዳል። ሌላም ነገር አስታውሱ፦ ያለፉት ሦስት ቀናት እንዴት ነበሩ? መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ከጠገበ ትንሽ ዝናብም ወንዝ ይሞላል። እንዲህ ባለ ሳምንት አጭር መንገድ ምረጡ።

መንገድ ላይ ስትሆኑ ዓይናችሁን ዳመናው ላይ ጣሉ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተበታተነ ነጭ ዳመና ምንም አይደለም። 4 ሰዓት ከግማሽ ላይ ያው ዳመና ሽቅብ እየተቆለለ እንደ አበባ ጎመን ካበጠ፣ ሥሩም ከጠቆረ፣ ጊዜያችሁ እያለቀ ነው። ከዳመናው በኩል ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ከመጣ ደግሞ ደቂቃዎች ናቸው የቀሯችሁ። ያኔ የዝናብ ልብሱን መልበስ እንጂ «ትንሽ እንይ» ማለት አያስፈልግም። በከፊል ከራሰ በኋላ የሚለበስ የዝናብ ልብስ ርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀራል።

እረኞችንም ጠይቁ። ልጆቹ ሰማዩን እያዩ ነው የሚውሉት። ከብቶቹን ወደ ቤት መመለስ ከጀመሩ እናንተም ተመለሱ።

3. ልብሱ ላይ አትቸኩሉ

የክረምት ጉዞ ትልቁ ስህተት ጥጥ ነው። ጂንስ ሱሪ፣ የጥጥ ካናቴራ፣ ሌላው ቀርቶ የምንወደው ጋቢ፣ ደረቅ ሆኖ ሲሞቅ ግሩም ነው። ሲርስ ግን ውሃውን ይዞ ይቀራል፣ ይከብዳል፣ ከገላ ላይ ተለጥፎ ሙቀት ይመጠምጣል። ሱፍ እንዲህ አይደለም። ርሶም ቢሆን ሙቀት ይይዛል። የመንዝ ሰው በዚያ ብርድ ባናና በርኖስ ከበግ ጠጉር ሠርቶ የለበሰው ያለ ምክንያት አይደለም። አያቶቻችን ይህን ያወቁት የስፖርት ሱቅ ሳይኖር ነው።

ብዙ ገንዘብ ማውጣት የለባችሁም። ሰልባጅ ተራ ሂዱ። ከገላ ቀጥሎ የሚለበስ ስስ የፖሊስተር ማሊያ፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ቶሎ የሚደርቅ ስስ ሱሪ ታገኛላችሁ። የሹራቡን ምልክት ገልብጣችሁ ከምን እንደተሠራ አንብቡ። ከሁሉም በላይ የሚመጣው የዝናብ ልብስ ነው። ስትገዙት ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ትከሻው ላይ ትንሽ ውሃ አፍስሱበትና ከውስጥ በእጃችሁ ዳስሱ። ስፌቱ ጋ ካረጠበ ዝናብ ልብስ አይደለም፣ ጃኬት ነው። ኮፍያው ግንባርን የሚሸፍን፣ ርዝመቱ ከወገብ በታች የሚወርድ ይሁን። ወጨፎ ከጎን እንደሚመጣ አትርሱ።

ጃንጥላ? በጫካ መንገድና በሜዳ፣ ነፋስ ከሌለ፣ በጣም ጥሩ ነው። አፋፍ ላይ ግን ዝጉት። መብረቅ ባለበት ደግሞ ጨርሶ አትያዙት። በአንዳንድ ቦታ እረኞች የሚደርቡትን ከሣር የተሠራ ገሳ ካያችሁ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ውሃው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ነፋስ ከሥር ይገባል፣ ልጁ አያልበውም።

ዳገት ስትወጡ ሙቀት ሲሰማችሁ ሹራቡን ሳይቆይ አውልቁ። ላብ ከውስጥ የሚዘንብ ዝናብ ነው። ስትቆሙ ወዲያው መልሳችሁ ልበሱ።

4. ጫማ፣ ካልሲ፣ ዱላ

ጫማ ስትመርጡ ውሃ የማያስገባ ስለመሆኑ ብዙ አትጨነቁ። በክረምት ሣር ውስጥ ሁለት ሰዓት ከሄዳችሁ ከላይ በኩል መግባቱ አይቀርም። ዋናው ሶሉ ነው። ገልብጡትና እዩት፤ ጥርሱ ጠልቆ የተራራቀ ከሆነ ጭቃውን ነክሶ ይተፋል። ጥርሱ ያለቀ የከተማ ስኒከር ቁልቁለት ላይ ሳሙና ነው። ሜዳ ለሜዳ በጭቃ የምትሄዱ ከሆነ ገበሬው የሚያደርገው ቦቲ ጫማ የተሻለ ነው። ለዳገትና ለድንጋይ ግን ቁርጭምጭሚት ስለማይይዝ አልመርጠውም።

ሁለት ጥንድ ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። አንዱን ግማሽ መንገድ ላይ፣ አንዱን መኪና ውስጥ ስትገቡ።

ድጥ ላይ አወራረድ አለው። ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ እግራችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ አስቀምጡ። የተረገጠውን የመሐል መንገድ ትታችሁ ዳር ዳሩን ሣሩ ላይ ሂዱ። ወደ ኋላ አትለጠጡ፤ ሰው የሚወድቀው ፈርቶ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ነው። ርጥብ የዛፍ ሥርና ሽበት ያበቀለ ድንጋይ አትርገጡ፣ ተሻገሩት። ዱላ ያዙ። ከዘራም ይሆናል፣ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ልምጭም ይሆናል። ቁመቱ እስከ ደረት ይድረስ። ዱላውን ከፊታችሁ ትከሉ፣ ከዚያ እግራችሁን አንሱ። ጫማችሁ ላይ የተከመረውን ጭቃም በዱላው ጫፍ ፋቁት። ጭቃ የተሸከመ ጫማ ጥርስ የለውም።

5. ቦርሳው ውስጥ

ቦርሳ ውሃ አያስገባም ቢሏችሁም አትመኑ። የማዳበሪያ ወይም የስኳር ጆንያ ውስጡ ያለውን ወፍራም ላስቲክ አጥባችሁ ቦርሳው ውስጥ ዘርጉት፣ ዕቃውን እሱ ውስጥ ክተቱ፣ አፉን ጠምዝዛችሁ እጠፉት። ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። በውስጡ አንድ ትርፍ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ፊሽካና የቁስል ፕላስተር ይኑር። ሹራቡ ሁሉም ደህና በሆነበት ሰዓት አይለበስም። የአደጋ ጊዜ ነው።

ምግቡ ሳይቆሙ የሚበላ ይሁን። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። ዝንጅብል የገባበት ትኩስ ሻይ በፔርሙስ። ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ስለሚገባ የምትጾሙ ሰዎች ይህን አስቡበት። ባዶ ሆድ ብርድ አይችልም። እስከምትፈቱበት ሰዓት የሚያልቅ አጭር መንገድ ምረጡ፣ ስትፈቱ ወዲያው የሚበላ በሶ ወይም ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ። ውሃም ጠጡ። በብርድ ጥም አይሰማም፣ ሰውነት ግን ይደርቃል።

6. ሰዓታችሁን ቁረጡ

ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ውጡ። እግር መንገድ የሚጀመርበት ቦታ 1 ሰዓት ከግማሽ፣ ቢዘገይ 2 ሰዓት ድረሱ። ከዚያ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። እኔ 5 ሰዓት እላለሁ። 5 ሰዓት ሲሆን የትም ልሁን የት፣ ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረውም ፊቴን አዞራለሁ። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ከጓደኞቻችሁ ጋር ተስማሙ። ተራራ ላይ ቆሞ መከራከር ሰዓት ይበላል።

በጭቃ መንገድ በበጋ የለመዳችሁትን ፍጥነት አትጠብቁ። በበጋ 3 ሰዓት የሚፈጅብኝ መንገድ በሐምሌ 4 ሰዓት ከግማሽ ይፈጅብኛል። ቤት ላለ ሰው በየት በኩል እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትደውሉ ተናገሩ። ያ ሰው ካልደወላችሁ ምን ማድረግ እንዳለበትም ይወቅ።

7. በሰው ማሳ አጠገብ

ክረምት የገበሬው የሥራ ወር ነው። ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ላይ ነው። ዘሩ ከላይ ስለሚበተን አንድ እግር ብዙ ያጠፋል። ባዶ የሚመስል የለሰለሰ መሬት ካያችሁ ባዶ አይደለም። በድንበሩ ዙሩ፣ ጭቃ ቢሆንም። ሰው ስታገኙ ቆማችሁ ሰላም በሉ። በሱባም በወንጪም ነዋሪው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። «አካም ጂርቱ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ስትለዩ «ገለቶማ» በሉ። መንገድ የሚያሳያችሁ እሱ ነው፤ ስትቸገሩም ቤቱን የሚከፍትላችሁ እሱ ነው። መንገድ ስትጠይቁ «ቅርብ ነው?» አትበሉ፣ ቅርብ ነው ይሏችኋል። «እርስዎ ከዚህ ሲሄዱ ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?» በሉ።

ግቢ ስታልፉ ከሩቅ «ውሻ ያዙልን!» ብላችሁ ተጣሩ። ሩጫ የለም።

ጉም ከወረደባችሁ ቁሙ። የጠዋት ጉም ፀሐይ ሲበረታ ብዙ ጊዜ ይነሳል፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያዋጣል። ካልተነሳ በመጣችሁበት ተመለሱ። አቋራጭ አትፈልጉ። በየመገንጠያው ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን በስልክ ፎቶ ማንሳት ልመዱ፤ ስትመለሱ የምታዩት ያንን ገጽታ ነው። የቡድኑ የመጨረሻ ሰው ሁልጊዜ ከሚታይበት ርቀት አይውጣ።

8. ወንዝ

ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ወጨጫ ግርጌ ወጣን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንዲት ጅረት ተሻገርን። መሻገር ማለት ይበዛባታል፤ በሁለት ድንጋይ ረግጠን አለፍናት። ስንመለስ 8 ሰዓት ከግማሽ ሆኗል። እኛ ያለንበት ቦታ ገና ማካፋት መጀመሩ ነበር። ጅረቷ ግን ቡና በወተት መስላ፣ ሁለቱን ድንጋዮች ውጣ፣ የተገነጠለ ቅርንጫፍ እያላጋች ትወርዳለች። ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ነበር። ከሥር ድንጋይ ሲንከባለል «ግም፣ ግም» ይላል። ያ ድምፅ እግሬ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

ጓደኛዬ «እንዝለላት» አለ። ስፋቷ አራት ሜትር አይሞላም። እውነቱን ለመናገር እኔም አስቤ ነበር። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው ለዚህ ነው። ጠዋት ያየናት ትንሿ ጅረት ሐሳባችን ውስጥ ስላለች የፊታችንን ሳይሆን የጠዋቷን ነው የምናየው። ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። ከወደቁ በኋላ ደግሞ መነሳት የለም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅርንጫፍ ወይም ቅጠል ካመጣ፣ የድንጋይ ድምፅ ከሥሩ ካሰማ፣ አትግቡ። መሬቱን አይታችሁ ከጉልበት በታች መሆኑን ካላረጋገጣችሁም አትግቡ። እየጨመረ መሆኑን ለማወቅ ዳር ላይ አንድ እንጨት ትከሉና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ሁለት ምርጫ አለ፦ ድልድይ ፍለጋ መዞር ወይም መጠበቅ። ከትንሽ ተራራ የሚወርድ ጅረት ቶሎ እንደሚሞላ ሁሉ ቶሎ ይጎድላል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሊበቃው ይችላል። ትልቅ ወንዝ ግን ቀን ሙሉም ላይጎድል ይችላል፤ ስለዚህ መንገድ ስትመርጡ መመለሻው ወንዝ የማያሻግር ቢሆን ይመረጣል።

የግድ ጥልቀት የሌለው ውሃ የምትሻገሩ ከሆነ ጫማችሁን አታውልቁ፤ ባዶ እግር ድንጋይ ላይ አይጸናም። የቦርሳችሁን የደረት ማሰሪያ ፍቱ። ፊታችሁን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ፣ ዱላውን ከፊት ትከሉ፣ ጎን ለጎን ቀስ እያላችሁ ሂዱ። ሰፊው ቦታ ጠልቆ ከሚሮጠው ጠባብ ቦታ ይሻላል።

እኛ ያን ቀን ጠበቅን።

9. ብርድ ሲገባ

ስንጠብቅ ሌላ ጉዳይ መጣ። ጓደኛዬ የለበሰው ጂንስና የጥጥ ሹራብ ነበር። ዝናቡ በረታ፣ ነፋስ ተነሳ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆመን እንደሆነ ብስኩት ሰጠሁት። ወረቀቱን መቅደድ አቃተው። ጣቶቹ ይዘውታል፣ ግን አይታዘዙትም። «ደህና ነህ?» ስለው «ደህና ነኝ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ሳልጠይቀው ደግሞ «ደህና ነኝ» አለኝ፣ ቃሉን እየጎተተ። ያኔ ደነገጥኩ።

ሰው በብርድ ለመጎዳት በረዶ ውስጥ መሆን የለበትም። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 15 ዲግሪ ሲሆን የወጨጫ ጫፍ 9 ዲግሪ አካባቢ ነው። ርጥብ ልብስና ነፋስ ሲጨመርበት ይበቃል። ምልክቶቹን እወቁ፦ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ዕቃ ከእጅ መውደቅ፣ ቃል መጎተት፣ እግር መደናቀፍ። ሰውየው ራሱ አያውቀውም፤ እርስ በርስ ተያዩ። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመና እንቅልፍ ካለው አደገኛ ነው፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።

የሚደረገው ግልጽ ነው። ከነፋስ አውጡት። ርጥቡን አውልቃችሁ ደረቁን አልብሱት፤ የያዛችሁት ትርፍ ሹራብ ለዚህ ነው። ራሱንና አንገቱን ሸፍኑ። መዋጥ ከቻለ ትኩስ ጣፋጭ ሻይ አጠጡት። እጅና እግሩን አትሹ፣ ደረቱን አሙቁ። ሙቁ ብለው አረቄ ቢቀዱላችሁ በአክብሮት «ይቆየን» በሉ። አረቄ ያሞቃል የሚባለው የቆዳ ደም ሥር ስለሚከፈት ነው፤ ሙቀቱ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው።

እኔና ጓደኛዬን ያዳነን ከጅረቷ በላይ ያለ አንድ ጎጆ ነው። አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። «እማማ፣ ጓደኛዬን በርዶታል» አልኳቸው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ርጥቡን ሹራብ ራሳቸው ጎትተው አወለቁለት፣ ብርድ ልብስ ደረቡለት፣ እሳቱ ጋ አስቀመጡት፣ የተቆላ ገብስ አቀረቡ። «ውሃው ይሄዳል፤ እናንተ ቁጭ በሉ» አሉ። 10 ሰዓት ከግማሽ ላይ ጅረቷ ስትጎድል አብረውን ወርደው የት ጋ እንደምንረግጥ በእንጨት አሳዩን። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ሊመሽ ምንም አልቀረውም ነበር።

10. መብረቅ

ብልጭታውን ስታዩ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳትቆጥሩ ከተሰማችሁ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው፣ ያሉበትን መልቀቅ ያስፈልጋል። ከአፋፍ ውረዱ። ሜዳ ላይ ብቻውን ከቆመ ዋርካ ወይም ሾላ ሥር አትጠለሉ፤ ከብት በመብረቅ ተጨፍጭፎ የሚገኘው እዚያ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ከሆናችሁ ዝቅ ካሉት ዛፎች መሐል ሁኑ፣ ግንዱን አትደገፉ። እርስ በርስ ተራራቁ። ቤት ወይም መኪና ካገኛችሁ ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትነሱ።

11. ቤት ስትገቡ

ርጥቡን ልብስ መኪና ውስጥ ቀይሩ፣ ቤት እስክትደርሱ አትጠብቁ። ለደወላችሁለት ሰው «ገብተናል» በሉ። የዝናብ ልብሱን አታሽጉት፤ በማግስቱ ይሸታል። አለቅልቃችሁ ጥላ ላይ ስቀሉት።

ጫማው የራሱ ሥራ አለው። ጭቃው ሳይደርቅ በውሃና በብሩሽ እጠቡት። ክሩን አውጡ፣ ውስጠኛውን ሶል አውጡ፣ ለየብቻ አድርቁ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታስጡት፤ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። በክረምት ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ልብስና ጫማ ማድረቅ የተለመደ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የከሰል ጭስ ሳይሸት ሰው ይገድላል።

የቆየ ጋዜጣ ጨምድዳችሁ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ጠቅጥቁበት። ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ጋዜጣው ርሶ ታገኙታላችሁ፣ ቀይሩት። ማታም አንዴ ቀይሩት። በማግስቱ ጣታችሁን ወደ ውስጥ ሰዳችሁ ጫፉን ዳስሱ። አሁንም የሚቀዘቅዝ ከሆነ አልደረቀም፤ ሌላ ጋዜጣ ጠቅጥቁና አንድ ሌሊት ጨምሩለት።